ወንበር አሥራ አንድ ሀ

ዓይን መሸፈኛ ሁለት ያዙ። አንድ አይበቃም፤ ላስቲኩ የሚበጠሰው ሁልጊዜ በማይሆን ሰዓት ነው። ጥጥም ያዙ። ጥጡ ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ፤ አሁን ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ።

ኤልዳና ተካልኝ ነኝ፤ የሕፃናት ልብስ ነጋዴ። በቻይናዋ ጓንዡና በአዲስ አበባ መስመር ሃያ ሦስት ዓመት ተመላልሻለሁ። በዚህ የተመላላሽ መንገደኞች ገጽ ላይ ስለ ሻንጣ ክብደት፣ የሰው ጎን ስለሚወጋ ክርን፣ ምግብ ሲቀርብ ወንበሩን ወደ ኋላ ስለሚለጥጥ ሰው ስጽፍ የኖርኩት እኔ ነኝ። "ያቺ ነገረኛ ሴትዮ" እንደምትሉኝ ሰምቻለሁ፤ እውነታችሁን ነው። ዛሬም የምጽፈው ስለ ጨዋነት ነው።

ለአዲሶቹ ባጭሩ ላስረዳ። ድርጅቱ፣ ማለትም አየር መንገዱ፣ መንገደኛውን በአራት ደረጃ ይከፍለዋል፤ እንግዳ፣ ጎረቤት፣ ወዳጅ፣ ዘመድ። እንግዳ ማለት አልፎ አልፎ የሚበር ነው። ዘመድ ማለት እንደኔ ዕድሜውን አየር ላይ የጨረሰ። አንዴ ዘመድ ከሆናችሁ ማንም አይነጥቃችሁም፤ ድርጅቱ ራሱ አይችልም፣ ፍርድ ቤት ወስኖበታል። ወንበሩም የታወቀ ነው፤ የኔ አሥራ አንድ ሀ ነበር፣ መስኮቱ ጋ። ስትቀመጡ ወንበሩ ያውቃችኋል፣ ቀበቶው በራሱ ይታሰራል፣ ብድግ ስትሉ በራሱ ይፈታል፣ ከዚያ ወዲያ ለድርጅቱ እናንተ ማለት ወንበራችሁ ናችሁ።

አውሮፕላኑ ስድስት ሰዓት በርሮ ባሕር መሐል ሰባተኛ ጣቢያ ላይ ያርፋል። እዚያ ጭነት ይጭናል። ለጭነቱ ቦታ እንዲገኝ በመጨረሻው፣ በሠላሳ ስምንተኛው ረድፍ ያሉት ዘጠኝ ሰዎች ይወርዳሉ። ይህ "ቆይታ" ይባላል። ተራቸው ሲደርስ ይመጣሉ ይባላል። ሦስት ወር ቆይቶ የመጣ አለ፤ ሰባት ዓመት ያለፈውም አለ። የአንዷ ጎረቤቴ ባል እዚያ ነው። በየወሩ መልእክት ይደርሳታል፤ "ደህና ነኝ። እየተንከባከቡኝ ነው።" በአምስት ዓመት ውስጥ አንዲት ቃል አልተጨመረችበትም፣ አንዲት ቃል አልተቀነሰችም። መጀመሪያ ታለቅስ ነበር፤ አሁን ስልኩ ሲጮህ ክፍሉን ጥላ ትወጣለች።

ሠላሳ ስምንተኛው ረድፍ የእንግዶች ነው። ዘመድ የሆነ ሰው እዚያ የሚደርስበት መንገድ አንድ ብቻ ነው። "በፈቃድ የተሰጠ ወንበር ከነመብቱ የተሰጠ ነው" ይላል ደንቡ። የሚሰጠው ደግሞ አጠገባችሁ ሰው ቆሞ እያለ ብድግ በማለት ነው።

ታዲያ ምን ያለ ሞኝ ነው የሚነሣው? እኔም እንዲሁ ነበር የምለው። ድርጅቱ ግን አጥንቶናል። በሌላው መስመር የለም፤ በኛ መስመር ብቻ አረጋውያን የሚገቡት መጨረሻ ላይ ነው። ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ ደወል ይደወላል። ያኔ ሦስት መቶ ሰው ባንዴ ዓይኑን ይሸፍናል፤ እናት የራሷን ሳታስር የልጇን ታስራለች። ከዚያ የከዘራ ድምፅ ይመጣል፤ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ሽማግሌውም ባልቴቷም በመተላለፊያው ቀስ ብለው ያልፋሉ። ማንም አላያቸውም፣ ስለዚህ ማንም አልተነሣም፣ ማንም ባለጌ አልተባለም። ያላየ ሰው እንዴት ባለጌ ይባላል? ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሄድን፤ እንደ ቀበቶ ማሰር ለመድነው።

የኔ ቀን ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ልጄ ሶልያና ዘጠነኛ ወሯን ይዛ አዲስ አበባ ትጠብቀኛለች። የመጀመሪያዋ ነው፤ እናት አጠገቧ እንድትሆን ትፈልጋለች፣ ባሏ ደም ሲያይ የሚወድቅ ሰው ነው። ከንግዱ ዕቃ ለይቼ በእጅ ሻንጣዬ የያዝኩት የጨቅላ ልብስ ብቻ ነበር፤ ነጭ ኮፍያ፣ ካልሲ፣ መጠቅለያ። አጠገቤ አሥራ አንድ ለ ላይ ሔርሜላ አለች። ሔርሜላ የጫማ ነጋዴ ናት፤ አሥራ አራት ዓመት ጎን ለጎን በርረናል። ታንኮራፋለች፣ እኔ ደግሞ ስተኛ አወራለሁ አሉ፤ ተቻችለን ኖረናል።

ደወሉ ተደወለ። መሸፈኛዬን ሳወጣ ላስቲኩ ብጥስ አለ።

"ሔርሙ፣ ትርፍ አለሽ?"

"የለኝም" አለች፤ የሷን አስራለች። "ጨፍኚ በቃ! አንቺ ደግሞ!"

ጨፈንኩ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ከፊት በር ጀምሮ እየቀረበ መጣ። አምስተኛው ረድፍ፣ ስምንተኛው፣ አሥረኛው። አሥራ አንደኛው ላይ ቆመ። ዓይኔን ጭምቅ አደረግሁት። ትንፋሽ ይሰማኛል፤ ዳገት የወጣ ሰው ትንፋሽ። ከዚያ ሳል። አንድ ዓይኔን ብቻ፣ ትንሽ ብቻ ከፈትኩ።

ደቃቃ ባልቴት ናቸው። ነጭ ነጠላ፣ ነጭ ፀጉር፣ ወንበር የጨበጠች የምትንቀጠቀጥ እጅ። መሬት መሬት እያዩ በቀስታ፣ "አትነሺ ልጄ" አሉኝ። "በሞቴ፣ አትነሺ።"

"ኖር እማማ!" ስል ራሴን ሰማሁት። ተነሥቻለሁ።

"በእግዜር" አሉ።

እንግዲህ ኖር ምን እንደሆነ ለናንተ አልነግራችሁም። አንድ ስንዝር ብድግ ትላላችሁ፣ ትልቁ ሰው በእግዜር ይላል፣ ትቀመጣላችሁ። አለቀ። አክብሮት ነው እንጂ ቤቱን ለቆ የወጣ ሰው የለም። አያቴም አባቴም እንዲህ ኖረው ሞቱ። መልሼ ልቀመጥ ስል ግን የወንበሩ ክንድ ጠረጴዛ ሆኖ ፊቴ ተዘረጋ፣ መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ያ ለስላሳ ድምፅ፣ "ዘመዳችን፣ ወንበርዎን በፈቃድዎ ስላበረከቱ ከልብ እናመሰግናለን" አለ።

አስተናጋጇ ከየት መጣች ሳልላት አጠገቤ ቆማለች። "ወይዘሮ ኤልዳና፣ አዲሱ ወንበርዎ ሠላሳ ስምንት ሠ ነው። ሻንጣዎን ልያዝልዎት?"

"እኔ እኮ ኖር ነው ያልኩት! ኖር! ወንበሬን ስጡልኝ አላልኩም!"

"በጣም ደስ የሚል ባህል ነው" አለች፣ ፈገግ ብላ። ሻንጣዬን ይዛ ቀደመች።

ሔርሜላን አየኋት። መሸፈኛዋን አላነሣችም። ሁሉንም ሰምታለች፤ ጣቶቿ ወንበሩን ጨብጠው ነጭ ሆነዋል። አልተቀየምኳትም፤ እኔም ብሆን አላነሣም ነበር።

ሠላሳ ስምንተኛው ረድፍ ላይ ወሬ የለም። በግራዬ ያለው ሰውዬ እግሮቹን ሰብስቦ ጫማውን ያያል። በቀኜ ያለችው ሴት ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ እየጸለየች ነው። ፈራሁ። ነገሬን አላስጌጠውም፤ በጣም ፈራሁ። ሦስት ጊዜ ሽንት ቤት ሄጄ ሦስት ጊዜ ምንም ሳላደርግ ተመለስኩ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል የሚሉት ይኼኔ ነው። ምግብ መጣ፤ ዶሮ ወይስ ዓሣ ብለው ጠየቁኝ። ዶሮ አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም፤ አልበላሁትም።

አራት ሰዓት እንደበረርን አንድ ነገር ገባኝ። ወንበሩ በፈቃድ ከተሰጠ በፈቃድ ይመለሳል። ባልቴቷ አንዴ ብድግ ቢሉልኝ መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል፤ እኔ ወደ ሶልያና እሄዳለሁ። "እማማ፣ ይነሡልኝ" ማለት ነው። ሁለት ቃል። እየተለማመድኩ ወደ ፊት ሄድኩ።

አሥራ አንድ ሀ ላይ ጥቅልል ብለው መስኮቱን ያያሉ። ሔርሜላ አሁንም እንደታሰረች ናት፤ እንቅልፍ ይሁን ማስመሰል አላውቅም። አጠገባቸው ቆምኩ። አፌን ከፈትኩ።

"ይበርድዎታል? ብርድ ልብስ ልጨምርልዎት?"

ወይ የኔ ነገር! ትልቅ ሰው ተነሥልኝ የሚባልበት ምላስ የለኝም፤ አልተሠራልኝም። እንባዬ እየመጣ ብርድ ልብሱን ወስጄ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረግሁ። ያኔ ነጠላው ከራሳቸው ሸተት አለ። ፀጉሩ ከላይ ነጭ ነው፤ ሥሩ ግን ጣት ያህል ጥቁር። አንገቱም የባልቴት አንገት አይደለም።

"ስንት ዓመትሽ ነው አንቺ?" አልኩ።

ቶሎ ነጠላዋን መለሰች። "አርባ ስድስት" አለች።

እኔ ሃምሳ አራቴ ነው። እሷ ናት ለኔ ኖር ማለት የነበረባት! ደሜ ፈላ። ድምፄን ግን ዝቅ አደረግሁ፤ በአውሮፕላን ውስጥ ሰው አይጮህም፣ ይህን ራሴ ጽፌያለሁ። "ተነሺ" አልኳት። "ልጄ ልትወልድ ነው። አሁኑኑ ተነሺልኝ።"

"ፌቨን እባላለሁ" አለች፣ ያልኳትን እንዳልሰማች። "ቆይታ ከገባሁ አምስት ዓመቴ ነው። እኔም እንዳንቺ ተነሥቼ ነው። ዘጠኝ ሰው ያስነሣ በዘጠነኛው ወንበር አገሩ ይገባል። ዘጠነኛዬ ነሽ።"

"አትነሺ ብለሽኝ ነበር እኮ!"

"እንድል ያስተማሩኝ ነው። ካላልነው ማንም አይነሣም።" ዓይኗን ወደኔ አነሣች፤ እሷም እንደኔ ፈርታለች፣ ከንፈሯ ይርበተበታል። "አንቺ ብትሆኚ አሁን ትነሺልኛለሽ?"

ተመልሼ ሄጄ ተቀመጥኩ።

ሰባተኛ ጣቢያ ንጹሕ ነው። ይህንን መመስከር አለብኝ። የተሠራው እንደ አውሮፕላን ሆኖ ነው፤ ረጅም አዳራሽ፣ በሁለቱም በኩል ወንበር፣ መሐሉ መተላለፊያ። መስኮት የለም። ከወለሉ ሥር ባሕሩ ሲመታ ይሰማል። ምግብ በሰዓቱ ይመጣል፣ ዶሮ ወይስ ዓሣ ይባላል፣ ማንም አይቆጣም፣ ማንም አይመታም። ሰው ሁሉ "ይቅርታ"፣ "አመሰግናለሁ"፣ "እርስዎ ይቅደሙ" ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት ሴት መጮህ ጀመረች። ሁላችንም ዓይናችንን ሸፈንን። ድምፁ ሲያቆም ስንገልጥ ወንበሯ ባዶ ነበር፤ ትራሱ ተስተካክሏል።

የሚያሠለጥነን አቶ ኢዮስያስ ይባላል። ሽበታም፣ ጥሩ አማርኛ ያለው፣ እናቱን የሚወድ የሚመስል ሰው ነው። መጀመሪያ ፀጉሬን አስቀባኝ፤ በሃምሳ አራት ዓመቴ ሰባ አምስት አደረገኝ። ከዚያ ከዘራ ሰጠኝ። መሬት ሲነካ ቋ እንዲል ጫፉ ላይ ብረት አለው። ሁለት ወር ስንራመድ ከረምን። ትንፋሽ እንዴት እንደሚቆረጥ፣ ሳል ከየት እንደሚመጣ፣ እጅ ወንበር ላይ እንዴት እንደሚያርፍ።

"እትዬ ኤልዳና" አለኝ አንድ ቀን፣ "የኛ ሰው ለእርጅና ብቻ አይነሣም። ተነሡልኝ የሚለውን ዞር ብሎም አያየው። አትነሡ የሚለውን ግን ተቀምጦ ማየት አይችልም፤ ይቆረጥመዋል። በሞቴ የሚለውን ጠንከር፣ ዓይንን መሬት።"

"እኔ አልለውም" አልኩት። "እንኳን ሰው ላስነሣ። አንድ ሰው ብድግ ሊል ሲል ካየሁ እሳደባለሁ። አንተ ደደብ ተቀመጥ እላለሁ።"

"መብትዎ ነው" አለ። እንደሱ ሲል ከስድብ በላይ አስፈራኝ።

በዚያው ሳምንት የሶልያና መልእክት ደረሰኝ። እኔ ወደሷ የምልከው ያቺን ደህና ነኝ የምትለዋን መልእክት ብቻ ነው፤ የሷን ግን ሙሉውን ያሳዩኛል። ሴት ልጅ ወልዳለች። ፎቶው ላይ ጨቅላዋ በሰው ልብስ ተጠቅልላለች፤ የኔ ኮፍያ እዚህ ሻንጣዬ ውስጥ ነው። "እማ፣ ስም አላወጣንላትም። አንቺ ሳትመጪ አናወጣም። መቼ ነው የምትመጪው?" ይላል። ማታ ማታ ኮፍያውን ጡጫዬ ላይ አጥልቄ አየዋለሁ።

ባለፈው ሐሙስ የመጀመሪያ በረራዬ ሆነ። ወደ ጓንዡ መልሰው ወሰዱን፣ ከዚያም ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ በመጨረሻ አስገቡን። ደወሉ ተደወለ። በሩ ላይ ቆሜ የሦስት መቶ ሰው የታሰረ ዓይን አየሁ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። ፊቶቹ ሁሉ ወደኔ ናቸው፤ የሚያየኝ ግን አንድም ሰው የለም። መራመድ ጀመርኩ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ስሄድ ክርኖች ሲሰበሰቡ፣ ትንፋሾች ሲያዙ ይሰማኛል። የሚፈሩት እኔን ነው። እኔ ደግሞ እነሱን ፈራሁ፤ ከመሐላቸው አንዱ መሸፈኛው ቢወድቅስ? የምሳደበው ስድብ አፌ ላይ ተዘጋጅቷል።

አሥራ አንደኛው ረድፍ ደረስኩ። እግሬ በራሱ ቆመ። አሥራ አንድ ሀ ላይ ሔርሜላ ተቀምጣለች። ወደ መስኮቱ ተዛውራለች፤ ዘመድ ናትና የተለቀቀውን መምረጥ መብቷ ነው። መሸፈኛዋ አዲስ ነው፣ ሰፊ፣ ሁለት ላስቲክ ያለው። ሁለቱንም አጥብቃ አስራለች። ምንም አይወድቅም። ሔርሜላን ማንም ሊያስነሣት አይችልም ነበር፤ ማለፍ ብቻ ነበረብኝ።

እጄን ወንበሩ ላይ አሳረፍኩ። ሳልኩ። ነገሬን አላስጌጠውም ብያለሁ፤ ስለዚህ ይህንንም እነግራችኋለሁ። ያቺ ልጅ አሥራ አራት ዓመት አጠገቤ ተኝታለች፤ በእንቅልፌ የማወራውን ሁሉ ሰምታለች። ድምፄን እንደምታውቀው አውቅ ነበር። በደንብ አውቅ ነበር።

"አትነሺ ልጄ" አልኩ። "በሞቴ፣ አትነሺ።"

መሸፈኛው ሥር ቅንድቧ ተንቀሳቀሰ። "ኤልዱ?" አለች። በሁለት እጇ መሸፈኛዋን ወደ ላይ ገፋችው። ነጩን ፀጉሬን፣ ከዘራዬን አየች፣ ፊቷ ተለወጠ። "ኤልዱ! በስመአብ! በሕይወት አለሽ?" ለአዛውንት አይደለም የተነሣችው። ልትስመኝ ነው የተነሣችው። አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፣ ጉንጬን ግራ ቀኝ ሳመችኝ፤ ከኋላዋ መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን እያየሁ እኔም አቀፍኳት። አጥብቄ አቀፍኳት፤ ሳላስበው ወይም አስቤ፣ ተመልሳ እንዳትቀመጥ።

"ዘመዳችን፣ ወንበርዎን በፈቃድዎ ስላበረከቱ ከልብ እናመሰግናለን።"

ሔርሜላ አሁን ከኔ ሦስት ወንበር አልፋ ተቀምጣለች። አታናግረኝም። ዛሬ ጠዋት ፀጉሯን ነጭ ቀቧት፤ ያምርባታል። ጥጡ እንግዲህ ለዚህ ነው። መሸፈኛ ለዓይን ብቻ ነው፤ ጆሯችሁን ድፈኑ፣ በተለይ የምትወዱት ሰው ቆይታ ከገባ።

ይህን ጽሑፍ አቶ ኢዮስያስ አንብቦታል። አንድ ቃል ሳያወጣ እንዲላክ ፈቀደ። ለምን ብዬ ጠየቅሁት። "እትዬ፣ ቢያነቡትም ይነሣሉ" አለኝ፤ ሻዩን አቀዝቅዞ እየጠጣ።

አገጯ ላይ ጥቁር ምልክት ያላት፣ ነጭ ነጠላ የለበሰች ባልቴት አጠገባችሁ ብትቆም እኔ ነኝ። አትነሡ ልጆቼ። በሞቴ፣ አትነሡ። የልጅ ልጄ እስከ ዛሬ ስም የላትም፤ ስምንት ሰው ቀርቶኛል።